ቅርጹ አለ፣ ቦታው የለም፦ የሕንፃ ሞዴሎችን ከምድር ኮኦርዲኔት ጋር ስለማገናኘት

በካልጋሪ በተካሄደው የማኅበራችን የፖሊሲ ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



ባለፈው ዓመት አንድ አባላችን በኮምፒውተራቸው ላይ የሕንፃ ሞዴል ይዘው መጡ። ፒያሳ የነበረው የአያታቸው ቤት ነው። አካባቢው በ2016 ዓ.ም. ከመፍረሱ ጥቂት አስቀድሞ የእኅታቸው ልጅ በስልኩ ሦስት መቶ ያህል ፎቶግራፎች አንሥቶ ነበር፤ እርሳቸውም እዚሁ ካልጋሪ ተቀምጠው ፎቶግራፎቹን በሶፍትዌር አቀናብረው ቤቱን መልሰው አቁመውታል። የእንጨቱ በረንዳ፣ የተላጠው ቀለም፣ የደረጃው መሰንጠቅ ሳይቀር ይታያል። ሁለት ነገር ጠየቁኝ። የፊት ግድግዳው ርዝመት ስንት ሜትር ነበር? ቤቱስ አሁን በተዘረጋው ሰፊ መንገድ ላይ የት ላይ ይውላል? ሁለቱንም ልመልስላቸው አልቻልሁም።

ዛሬ የምናገረው ለምን እንዳልቻልሁ፣ ምን ቢደረግ ኖሮ መመለስ እችል እንደነበረ፣ እናንተም በየምታረቅቋቸው የድጋፍና የግዥ ውሎች ውስጥ ይህን ችግር በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች እንዴት መከላከል እንደምትችሉ ነው። ጉዳዩ የቀያሾች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ካሳ የሚጠየቅበት፣ ቅርስ መልሶ የሚገነባበት፣ የጎርፍ ወሰን የሚሠመርበት ጉዳይ ስለሆነ የእኛም ነው።

ፎቶግራሜትሪ ከተደራራቢ ፎቶግራፎች ላይ የአንድን ነገር ቅርጽ የሚያወጣ የልኬት ጥበብ ነው። ሶፍትዌሩ በአንዱ ፎቶግራፍ ላይ ያየውን የመስኮት ማዕዘን በሌሎቹ ላይ ፈልጎ ያገኛል፤ ካሜራው በየት በኩል ቆሞ እንደነበረ ያሰላል፤ እያንዳንዱንም ነጥብ በሥፍራው ያስቀምጣል። ይህ ሥፍራ ግን የሞዴሉ የራሱ ሥፍራ እንጂ የምድር አይደለም። ከፎቶግራፍ ብቻ የተሠራ ሞዴል የልጅ መጫወቻ ቤት ይሁን የቤተ መንግሥት አዳራሽ ራሱን አያውቅም። ፊቱ ወደ ሰሜን ይሁን ወደ ምሥራቅ፣ ቀጥ ብሎ ይቁም ወይም ያዘንብል፣ ይህንንም አያውቅም። ከምድር ጋር ለማገናኘት ሰባት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፦ አንዱ መጠኑን፣ ሦስቱ ዝንባሌውንና አቅጣጫውን፣ ሦስቱ ደግሞ ቦታውንና ከፍታውን ይወስናሉ። እነዚህን በአንድ ጊዜ ለማግኘት ኮኦርዲኔታቸው የታወቀ፣ በአንድ መስመር ላይ ያልተደረደሩ፣ በፎቶግራፎቹም ላይ በግልጽ የሚታዩ ቢያንስ ሦስት የመቆጣጠሪያ ነጥቦች መኖር አለባቸው።

«ስልኩ ጂፒኤስ አለው አይደለም እንዴ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። አለው። ነገር ግን በሕንፃዎች መካከል ሲሆን ብዙ ሜትሮችን ይሳሳታል፤ በከፍታ ደግሞ ይብሳል። አሥራ አምስት ሜትር ርዝመት ባለው ቤት ዙሪያ የተነሡ፣ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ሜትር የሚሳሳቱ ቁጥሮች ቤቱን ሊያዘነብሉት፣ ሊያሳጥሩት ወይም ሊያስረዝሙት ይችላሉ። ሰፈሩን ለማወቅ ይረዳሉ፤ ግድግዳውን ለመለካት ግን አይበቁም።

ነገሩ በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከካልጋሪ ወደ ምዕራብ ሞርሊ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1875 የተሠራው የማክዱጋል መታሰቢያ ዩናይትድ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ተቃጠለ። የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲው አርኪዮሎጂስት ፒተር ዳውሰንና ባልደረቦቻቸው ግን ከቃጠሎው በፊት ሕንፃውን በሌዘር ስካነር ለክተውት ነበር፤ ከቃጠሎውም በኋላ ተመልሰው ለኩት፤ መረጃውም ለመልሶ ግንባታው ሥራ አገልግሏል። (የሚሲዮናውያን ታሪክ ለስቶኒ ናኮዳ ሕዝብ ቀላል ታሪክ እንዳልሆነ እዚህ ላሉት መንገር አያሻኝም። የትኛው ሕንፃ መልሶ ይሠራ የሚለው ጥያቄ ከልኬቱ ጥያቄ የተለየ ነው።) የዚያው ቡድን ሥራ ከካልጋሪ በስተደቡብ በኦኮቶክስ ባለው ታላቅ ቋጥኝ ላይም ይታያል፤ ቋጥኙ በተለያዩ ዓመታት ተለክቶ ምን እንደተለወጠበት ተመርምሯል። በላሊበላም በሄንዝ ሩተር የተመራው የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት አብያተ ክርስቲያናቱን በሌዘር ለክቶ መዝግቧል፤ ዓላማውም ዓለቱ እያደር ምን ያህል እንደሚለወጥ መከታተል ጭምር ነበር። የሌዘር ስካነር ርቀትን ራሱ ስለሚለካ መጠንን በራሱ ያውቃል፤ ፎቶግራፍ አያውቅም። ይሁንና የዛሬውን ልኬት ከአሥር ዓመት በኋላ ከሚመጣው ጋር ለማነጻጸር ሁለቱም በአንድ ማጣቀሻ ላይ መቀመጥ አለባቸው። አለበለዚያ ግድግዳው ይንቀሳቀስ ወይም ሞዴሉ ይንቀሳቀስ መለየት አይቻልም።

እዚህ ላይ «በአንድ ማጣቀሻ ላይ» ስል ብዙ ስሕተት የሚደበቀው በዚህ ሐረግ ውስጥ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ካልጋሪን እንውሰድ። የድሮኑ መቀበያ ከፍታን የሚሰጠው ኤሊፕሶይድ ከሚባለው ምናባዊ የምድር ቅርጽ ተነሥቶ ነው፤ መሐንዲሱ የሚሠራበት ከፍታ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ነው። በካልጋሪ የሁለቱ ልዩነት ወደ 17 ሜትር ይደርሳል። እንዲህ ያለው ስሕተት እንደ እድል ሆኖ ራሱን ያጋልጣል፤ ሕንፃው ከመሬት በታች ተቀብሮ ሲታይ ማንም ይነቃል። አደገኛው ትንሹ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1928 የወጣውን የከፍታ ማጣቀሻ እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ ተክታለች። አሮጌውና አዲሱ በኤድመንተን የሚለያዩት በጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ በባንፍ ግን ልዩነቱ ከግማሽ ሜትር ያልፋል። አንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነን። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 የቦውና የኤልቦ ወንዞች ሞልተው ከተማችንን ያጥለቀለቁበትን ጊዜ የምታስታውሱ፣ በጎርፍ ካርታ ላይ ሠላሳ ወይም ሃምሳ ሴንቲሜትር ለአንድ ምድር ቤት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የሕንፃው ሞዴል በአሮጌው ማጣቀሻ፣ የጎርፉ ካርታ በአዲሱ ቢሆን በሥዕሉ ላይ ምንም እንግዳ ነገር አይታይም። ደጃፉ ደረቅ ሆኖ ይታያል፤ ወይም ደረቁ ደጃፍ ረጥቦ ይታያል።

በአግድሙም እንዲሁ ነው። ካናዳ የምትጠቀምበት ናድ 83 የተባለው ማጣቀሻ ከሰሜን አሜሪካ የምድር ቅርፊት ጋር አብሮ እንዲጓዝ የተደረገ ነው፤ የሳተላይቶቹ ማጣቀሻ ግን የዓለም ነው። በዚህ አገር በሁለቱ መካከል ከአንድ ሜትር በላይ ልዩነት አለ፤ ቅርፊቱ በየዓመቱ ስለሚንሸራተትም ልዩነቱ ቋሚ አይደለም። ስለዚህ የማጣቀሻውን ስም ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ የየትኛው ዓመት እንደሆነ መጻፍ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያም ምድር በዓመት ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ያህል ትጓዛለች። በሃያ ዓመት ግማሽ ሜትር ማለት ነው።

ወደ አዲስ አበባ ስንሻገር ልዩነቱ ከሜትር ወደ መቶዎች ያድጋል። ነባር የኢትዮጵያ ካርታዎችና ብዙ የይዞታ ሰነዶች የተዘጋጁት አዲንዳን በተባለው ዳተም ነው፤ ስሙን ያገኘው በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከነበረ የቅየሳ ጣቢያ ሲሆን፣ ወደ አገራችን የተዘረጋውም ከስልሳ ዓመታት በፊት ለዓባይ ተፋሰስ ጥናት በተደረገው ቅየሳ ነው። ዛሬ የስልካችን ጂፒኤስ የሚሠራበት ዳተም ሌላ ነው። በአዲስ አበባ የአንድ ነጥብ ቁጥሮች በሁለቱ ዳተሞች መካከል ከ200 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ፒያሳ ላይ ሁለት መቶ ሜትር ማለት ሌላ መንገድ፣ ሌላ ቀበሌ፣ የሌላ ሰው ቤት ነው። ቁጥሩ ራሱ ከየትኛው ዳተም እንደመጣ አይናገርም፤ ሁለቱም ተመሳሳይ የሚመስሉ ቁጥሮች ናቸው። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 በወጣበት፣ ይዞታም በኮኦርዲኔት በሚመዘገብበት ሥርዓት ውስጥ የዳተሙ ስም አንድ ቃል ቢሆንም ቸል የሚባል ቃል አይደለም።

ብዙ ባለሙያዎች እንኳ የሚዘነጉት ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የካርታ ሜትርና የመሬት ሜትር አንድ አለመሆናቸው ነው። ክብ ምድርን በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ስናሰፍር ርቀቶች ይለወጣሉ፤ ከፍ ያለ አገር ላይ ስንሆን ደግሞ የለካነው ርቀት ወደ ኤሊፕሶይዱ ሲወርድ ያጥራል። ካልጋሪ ለዚህ ተብሎ በተዘጋጀ ጠባብ ፕሮጀክሽን ትጠቀማለች፤ ማዕከሉ 114ኛው ሜሪዲያን ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል። እንዲያም ሆኖ በመሬት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር የሆነው በካርታው ላይ ወደ 26 ሴንቲሜትር ያጥራል። አዲስ አበባ 2300 ሜትር ከፍታ ላይ ሆና፣ የምትጠቀምበትም ፕሮጀክሽን ሰፊ ሆኖ፣ ይኸው ኪሎ ሜትር ወደ 75 ሴንቲሜትር ያጥራል። ላሊበላም ከዚህ እምብዛም አይለይም። መቶ ሜትር በሚረዝም ሕንፃ ላይ ወደ ስምንት ሴንቲሜትር ማለት ነው። ሞዴሉን ከካርታው ጋር ያገናኘው ባለሙያ ሕንፃውን ሳያውቀው አሳጥሮታል፤ አናጢው በብረት ሜትር የለካው ርቀትና ሞዴሉ ላይ የተነበበው ርቀት አይገጥሙም፤ ከዚያ ማን ተሳሳተ የሚል ክርክር ይነሣል። ማንም አልተሳሳተም። ያልተጻፈ አንድ ቁጥር ነበር፤ እርሱም የመጠን ማስተካከያው ነው።

ኮምፒውተሩም የራሱን ድርሻ ያበረክታል። ብዙ የሞዴል ሶፍትዌሮች ነጥቦችን የሚያስቀምጡት ሰባት አኃዝ ያህል ብቻ በሚይዝ የቁጥር ዓይነት ነው። ካልጋሪ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከአምስት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺሕ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። ይህን ያህል ትልቅ ቁጥር ሲጫንበት ሶፍትዌሩ ሊለየው የሚችለው ትንሹ ርቀት ግማሽ ሜትር ይሆናል፤ መስኮቶቹ ይጣመማሉ፤ ሞዴሉ ሲዞር ይንቀጠቀጣል። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ከሁሉም ቁጥሮች ላይ አንድ ትልቅ ቁጥር ቀንሶ ሞዴሉን ወደ ዜሮ ማቅረብ። ችግሩ ያ የተቀነሰው ቁጥር በአንድ ሰው ማስታወሻ ላይ ወይም በአንድ ኢሜይል ውስጥ መቅረቱ ነው። ሰውየው ሥራ ይለቃል፤ ሞዴሉ ይቀራል፤ ቦታው ይጠፋል። አይኤፍሲ የተባለው ዓለም አቀፍ የሕንፃ መረጃ መለዋወጫ ከአራተኛው እትም ጀምሮ ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ክፍል አለው፤ መነሻው፣ ከፍታው፣ የሰሜን አቅጣጫውና የመጠን ማስተካከያው በፋይሉ ውስጥ እንዲመዘገቡ ያደርጋል። ቦታው ተዘጋጅቷል፤ እንዲሞላ የሚያስገድድ ውል ግን ከስንት አንድ ነው።

አሁን ወደ አባላችን የአያት ቤት ልመለስ። ለዚህ ስብሰባ ይጠቅማል ብዬ የማስበው ነገር እዚህ ላይ ነው።

ከሰባቱ ቁጥሮች ሦስቱን ለማግኘት ሳተላይትም ሆነ ቀያሽ አያስፈልግም። መጠኑን ለማወቅ በግድግዳው ላይ በሁለት ግልጽ ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት በብረት ሜትር መለካት ይበቃል፤ በተለያዩ ጎኖች ሁለት ሦስቴ ቢደረግ ደግሞ ራሱን ይፈትሻል። የቤቱን ቀጥታ ለማወቅ ግንበኛ ሁሉ የሚያውቀውን ቱምቢ በረንዳው ላይ አንጠልጥሎ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። ክሩ የምድርን ቀጥታ ስለሚያሳይ ሁለቱን የዝንባሌ ቁጥሮች ይሰጣል። አንድ ሜትርና አንድ ቱምቢ ናቸው። እነዚህ ግን ቤቱ ቆሞ ሳለ ካልተለኩ በኋላ እነርሱን ማግኘት እጅግ ይከብዳል።

የቀሩት አራቱ፣ ማለትም የፊቱ አቅጣጫና የቦታው ሦስት ቁጥሮች፣ ቤቱ ከፈረሰም በኋላ ሊገኙ ይችላሉ። ሁኔታው ግን ፎቶግራፎቹ ከቤቱ አልፈው ሳይፈርስ የሚቀር ነገር መያዛቸው ነው። ፒያሳ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አለ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት አለ። ከቤቱ ተነሥቶ እስከ እነዚህ ቋሚ ምልክቶች ድረስ ሳያቋርጡ የሚደራረቡ ፎቶግራፎች ቢኖሩ፣ ዛሬ ሄዶ ምልክቶቹን መለካትና ቤቱን በነበረበት ማቆም ይቻል ነበር። የእኅታቸው ልጅ ግን እንደ ማንኛችንም ካሜራውን የሚወደው ላይ ብቻ አነጣጠረ። ጎረቤቱን፣ የመንገዱን ጠርዝ፣ የፍሳሹን ጉድጓድ ክዳን አላነሣም። ብዙዎቹስ ቢነሡ ከቤቱ ጋር አብረው ሄደዋል።

ነጥቦቹን ለመለካት የሚያስፈልገው መሣሪያ እንደምናስበው ከእጃችን የራቀ አይደለም። የካናዳ የተፈጥሮ ሀብት ሚኒስቴር በኢንተርኔት የሚሰጠው ነጻ የስሌት አገልግሎት አለ፤ በዓለም ላይ በየትኛውም ቦታ ለጥቂት ሰዓታት የተመዘገበ የቀያሽ ሳተላይት መቀበያ መረጃ ሲላክለት በጥቂት ሴንቲሜትር ትክክለኛነት ቦታውን አስልቶ ይመልሳል። ከካናዳ ውጭ ለሆነ ነጥብ መመረጥ ያለበት የዓለሙ ማጣቀሻ ነው፤ ናድ 83 ተመርጦ ከተላከ ለአዲስ አበባ ትርጉም የለውም። አዲስ አበባም የዓለም አቀፉ የሳተላይት አሰሳ አገልግሎት መረብ አካል የሆነ ቋሚ ጣቢያ አላት። በዚህ አጋጣሚ ለበጎ ፈቃደኞቻችን አንድ ማሳሰቢያ፦ በኢትዮጵያ ድሮን ለማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ማንም ልጅ ለእኛ ብሎ ራሱን አደጋ ላይ እንዲጥል አንፈልግም። ሜትርና ቱምቢ በቂ ናቸው።

የሕግ አርቃቂዎችና የጽሕፈት ቤት ባልደረቦች ከዚህ ምን ይዘው ይሂዱ? የሕዝብ ገንዘብ የሚወጣበት ማንኛውም የሕንፃ ምዝገባ፣ እዚህ አልበርታ ይሁን ከዚህ በሚላክ ድጋፍ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ውሉ ርክክቡ የሚጸናበትን ሁኔታ እንዲናገር እንጠይቃለን። የአግድምና የከፍታ ማጣቀሻው ስምና ዓመት፣ ፕሮጀክሽኑ፣ የተቀነሰው መነሻና የመጠን ማስተካከያው ከሞዴሉ ጋር በአንድ ፋይል ይሰጡ። ከመቆጣጠሪያ ነጥቦቹ በተጨማሪ ወደ ስሌቱ ያልገቡ የመፈተሻ ነጥቦች ይኑሩ፤ ሞዴሉም በእነርሱ ላይ ምን ያህል እንደሚሳሳት በሴንቲሜትር ይጻፍ። ሶፍትዌሩ በራሱ በተጠቀመባቸው ነጥቦች ላይ የሚያወጣው የስሕተት ቁጥር ተማሪ የራሱን ፈተና እንደሚያርም ያህል ነው፤ ሁልጊዜ ያምራል። ያልተነኩት ዋና ፎቶግራፎችም አብረው ይረከቡ፤ ሶፍትዌር ይለወጣል፣ ፎቶግራፎቹ ካሉ ግን ሞዴሉን እንደገና መሥራት ይቻላል።

ወጪው ያሳስባል የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ። ለሁሉም ሕንፃ ሴንቲሜትር መጠየቅ ስሕተት ይመስለኛል፤ ለመታሰቢያ የሚቀመጥ የአንድ ጎጆ ሞዴል ግማሽ ሜትር ቢሳሳት ማንም አይጎዳም። የሚያስፈልገው ስሕተቱ ምን ያህል እንደሆነ መታወቁ ነው። ሌላው ተቃውሞ ከባድ ነው። ሁሉም ቦታ ለሁሉም መገለጥ የለበትም። ዳውሰንና ባልደረቦቻቸው በሲክሲካ ኔሽን ያለውን የቀድሞውን ኦልድ ሰን የነዋሪ ትምህርት ቤት ሕንፃም ለክተዋል፤ እንዲህ ያለ ቦታ መረጃ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ የቀዳማውያን ሕዝቦች ድርጅቶች በባለቤትነት፣ በቁጥጥር፣ በተደራሽነትና በይዞታ መርሖዎቻቸው መልስ ሰጥተውበታል። የገዳማትና የአድባራት ንዋያተ ቅድሳት ባሉበት ሕንፃም እኛ እንዲሁ ማሰብ አለብን። ኮኦርዲኔቱ ይለካ፣ ይመዝገብ፤ ለማን እንደሚገለጥ ግን ባለቤቱ ይወስን። ሞዴል የወሰን ፍርድ አለመሆኑም በውሉ ይጻፍ፤ በአልበርታ የይዞታን ወሰን በሕግ ፊት የሚለካው ፈቃድ ያለው ቀያሽ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ፒያሳን ወይም ሌላ የፈረሰ ሰፈርን ፎቶግራፍ ላነሣችሁ፣ ዘመድ ላላችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ። ፎቶግራፎቹን ስትልኩልን በቴሌግራም እንደ ሥዕል አትላኩ፤ ሲላክ ይጨመቃል፣ ከፎቶግራፉ ጋር ያለው የካሜራና የጊዜ መረጃም ይጠፋል። እንደ ፋይል ላኩ፣ ወይም በፍላሽ ይዛችሁ ኑ። ደብዛዛዎቹንና «ምንም አይታይበትም» ብላችሁ የተዋችኋቸውን፣ የቤቱ ጥግ ብቻ ገብቶ ቀሪው መንገድ የሆነባቸውንም ጨምሩ። የአባላችን ቤት ጉዳይ እስካሁን አልተዘጋም፤ የጎረቤታቸው ልጅ በዚያው ሳምንት ከመንገዱ ማዶ ያነሣቸው አርባ ያህል ፎቶግራፎች እንዳሉት ሰምተናል፤ ባለፈው ሳምንት ጽፈንለታል።